አያ ገነነ በጎረቤታቸው ልብ የቀኑ ጊዜ

ይቺን ነገር ለሰው ሳልነግር ብውል ብተኛ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅራ ልትቀር ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ባጃጄን ጥላ ስር አቁሜ፣ ቁጭ ብዬ ልጽፋት ነው። ትምህርቴ ብዙ አይደለም፣ ስምንተኛን ሳልጨርስ ነው መሪ የጨበጥሁት፣ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ። ታሪኩ የአማቴ የአያ ገነነ ነው። እሳቸውን አስፈቅጃለሁ። ‹‹ጻፈው፣ ግን ዳኘውን አስበልጠህ እንዳትጽፍ›› ብለውኛል። እሞክራለሁ።

እኔ የምሰራው ቡሬ ነው። እሳቸው ከታመሙ ወዲህ ስለ ልብ ህመም የማልሰማው ነገር የለም። ስልኬን ብትከፍቱት ሙሉው የልብ ቪዲዮ ነው። ተሳፋሪ ደረቱን ካሻሸ ዞሬ አየዋለሁ፤ ‹‹ክንድህን ያምሃል? ያልብሃል?›› እለዋለሁ። አንዷ ሴትዮ እንደውም ‹‹ዝም ብለህ ንዳ፣ ጡት እያጠባሁ ነው›› ብላኛለች። ሚስቴ ውዳሴ በዚህ ትስቅብኛለች። ግን ምን ላድርግ፣ ነገሩ ገባብኝ።

አያ ገነነ የውዳሴ አባት ናቸው። ከቡሬ ወደ ሽንዲ ስትሄዱ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ነው አገራቸው፤ በርበሬና በቆሎ የሚያበቅል ቀይ አፈር። አባታቸው የሞቱት እሳቸው ገና የሞፈር ቁመት ሳይደርሱ ነው። እናታቸው በሬውን ከፊት እየሳቡ፣ እሳቸው ከኋላ እርፉ ላይ እየተንጠለጠሉ ነው ማረስ የለመዱት። ኋላ ግን አገር ያወቃቸው አራሽ ሆኑ። ፈራቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ሰው ከመንገድ ቆሞ ያያል፣ ውሸት አይደለም። ማንበብ አይችሉም፣ ነገር ግን ማሳ አይተው ስንት ቀን ጥማድ እንደሚፈጅ ይነግሯችኋል።

ታዲያ ድንበርተኛቸው አያ ዳኘው ናቸው። ሁለቱ ወንፈል ናቸው፤ ማለት ዛሬ ያንተን በጋራ እንሰራለን፣ ነገ የኔን፣ እንደዚያ እየተባባሉ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ አብረው ያረሱ ናቸው። የሚዋደዱ ናቸው ብትሉኝ አዎ እላለሁ። የሚቀናኑ ናቸው ብትሉኝም አዎ እላለሁ፤ በተለይ የኔው ሰውዬ። አያ ዳኘው ግንባረ ነጭ በሬ ሲገዙ አያ ገነነ ሳይተኙ አድረው ሽንዲ ገበያ ወርደው ቀንዱ የሚበልጥ በሬ ይዘው መጡ። በሬው ሰነፍ ነበር፣ ቀንዱ ግን በለጠ። አያ ዳኘው ልጃቸውን ሲድሩ ትልቅ ዳስ ጣሉ፤ አያ ገነነ ውዳሴን ለኔ ሲድሩ ዳሱን አስፍተው አስፍተው አጥሩን አስፈረሱና እንግዳው ግማሹ በርበሬ ማሳ ውስጥ ተቀመጠ። እኔ እንግዲህ ሙሽራው ነኝ፣ በርበሬ እየረገጥሁ ነው የገባሁት።

ሰውዬው እንዲህ ናቸው። አሁን ወደ ህመሙ ልምጣ።

ታህሳስ ላይ ጤፍ ሲወቃ ነው። አያ ገነነ በሬዎቹን አውድማው ላይ እየነዱ ሳለ ደረታቸው ላይ ቀንበር እንደተጫነ ሆነባቸው። ቃር መሰላቸው። የኛ ሰው በርበሬ አብቃይ ስለሆነ ደረቱን ሲያቃጥለው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ወጡን ነው። አማቴ እታለም ተልባ በጥብጠው አጠጧቸው። ተልባው አልበጀም፤ ላቡ እንደ ዝናብ ወረደ፣ ግራ ክንዳቸው ዛለ። ከዚያ እኔ ተጠራሁ። ቡሬ፣ ከዚያ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያ መንገዱ ተከፍቶ ስለነበር ባህር ዳር። የልባቸው ደም ስር ተደፍኖ ነው አሉን። ቸሩ መድኃኔ ዓለም አተረፋቸው፣ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ቤት ገቡ።

ቤት ሲገቡማ ጠያቂው ጉድ ነው። አገሩ ሁሉ መጣ። አያ ገነነ መደቡ ላይ ትራስ ተደግፈው ህመማቸውን ያወራሉ፤ አያ ዳኘውም በየቀኑ ይመጣሉ፣ አጠገባቸው ይቀመጣሉ፣ የአያ ገነነን ከብትም ያበላሉ። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ አያ ገነነ ደስተኛ ነበሩ።

ጥምቀት አልፎ ብዙም ሳይቆይ አያ ዳኘው ታመሙ። ያው ህመም፣ ያው ላብ፣ ያው ሆስፒታል። አያ ገነነ ሲሰሙ አለቀሱ። የእውነት እንባ ነው፣ እኔ አይቻለሁ። ግን አያ ዳኘው ተሽሏቸው ቤት ሲገቡ ጠያቂው ሁሉ በአያ ገነነ ደጅ አልፎ ወደዚያ ጎረፈ። አያ ገነነ በር ላይ ተቀምጠው ያያሉ።

‹‹እታለም፣ እኔ ቀድሜ አልነበር የታመምሁት?›› አሉ።

‹‹ቀድመው ነበር።››

‹‹ታዲያ በሽታ እንኳ ለብቻዬ አይተውልኝም?››

‹‹ቢፈልጉ መልስላቸው ልበለው?›› አሏቸው እታለም።

የሳቅ ነገር ነው፣ ግን መጀመሪያው ይሄ ነው።

ሁዳዴ ገብቶ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሁለቱም ፍኖተ ሰላም ቀጠሮ ነበራቸው፤ ያው አንድ ቀን። ሚኒባስ ውስጥ እኔ መሀል ተቀመጥሁ። ሐኪሟ ዶክተር ትሕትና ትባላለች፣ ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። የዚያን ቀን የምትሰራውን ነገር አስረዳችን፤ እኔ እንዲህ ነው የገባኝ። አንዴ ልቡ የተመታ ሰው ድጋሚ ሊመታ ይችላል። ሁሉም ግን እኩል አይደለም። ስለዚህ ከባህር ዳር የመጣውን የልብ አልትራሳውንድ ታያለች፣ በኤሌክትሪክ የልብ ምቱን ትስላለች፣ ግፊት ትለካለች፣ ደም ታያለች፣ ትጠይቃለች፣ ኮሪደሩ ላይ ታስኬዳለች። ከዚያ ሁሉንም ደምራ ‹የዚህ ሰው ስጋት ዝቅተኛ ነው፣ የዚህ መካከለኛ ነው፣ የዚህ ከፍተኛ ነው› ትላለች። በዚያ ልክ መድኃኒቱን፣ ስራውን፣ ቀጠሮውን ትወስናለች።

‹‹ትንቢት ነው እንግዲህ›› አሉ አያ ገነነ።

‹‹ትንቢት አይደለም አባባ። ዛሬ ባለን ነገር የምንገምተው ግምት ነው። ያለን ነገር ሲለወጥ ግምቱም ይለወጣል።››

ይቺን ቃል እኔ ያዝሁ። አያ ገነነ ግን አልያዟትም፣ ዓይናቸው አያ ዳኘው ላይ ነበር።

አያ ዳኘው ቀድመው ኮሪደሩ ላይ ሄዱ። ተረጋግተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ልክ እንደ ሚዜ። ሲጨርሱ ትንፋሻቸው እንኳ አልተሰማም። ቀጥሎ አያ ገነነ። ዶክተሯ ‹‹በራስዎ እርምጃ ይሂዱ›› አለቻቸው። እሳቸው ግን አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ተስፈነጠሩ። አንዴ ደርሰው ሲመለሱ ፊታቸው ጠቆረ፣ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ።

‹‹አባባ፣ ይሄ እሽቅድምድም አይደለም።››

‹‹እሱ እስተየት ደረሰ?›› አሉ እያለከለኩ።

ከዚያ ለየብቻ አስገብታ አነጋገረቻቸው። ከአያ ገነነ ጋር እኔ ገባሁ። ‹‹መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዳሉ?›› አለቻቸው። ‹‹በየቀኑ›› አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አንድ ቀን አላጎደሉም። ግፊታቸው ከፍ ብሏል፣ የልብ ምታቸው ፈጥኗል፣ አልትራሳውንዱ ላይም የልባቸው አንዱ ጎን ሰነፍ ብሏል። ‹‹ስጋትዎ ለጊዜው ከፍተኛ ነው። እርሻ የለም፣ ሸክም የለም። መድኃኒቱንም እንጨምራለን›› አለች።

አያ ገነነ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ‹‹ዳኘውስ?››

‹‹የሰው ውጤት አልናገርም አባባ።››

መናገርም አላስፈለጋት። አያ ዳኘው ገና ከበሩ ሲወጡ ጀምሮ ፈገግ ብለው ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ከከተማው ሳንወጣ ተናገሩት።

‹‹ዝቅተኛ ነው አለችኝ። ቀስ እያልሁ ስራ እንድጀምር። አንተስ ገነነ?››

‹‹ኧ… የኔማ ደህና ነው ብላኛለች።››

‹‹ዝቅተኛ?››

‹‹ኧረ የኔ ከፍተኛ ነው›› አሉ አያ ገነነ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ከፍተኛ ማለት ሽልማት ይመስል። አያ ዳኘው ግን ገባቸው፣ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔም ወደ ጫማዬ አየሁ። 

ከዚያ በኋላ የነበረው ሁዳዴ ለእታለም ከበዳቸው። አያ ገነነ አይተኙም። ጠዋት በር ላይ ተቀምጠው አያ ዳኘው ከብት ሲነዱ ያያሉ፤ ቀጥሎ የጎተራቸውን ክዳን ሲጠግኑ፣ ቀጥሎ ዶማ ይዘው ሲወጡ። ሚካኤል ቤተ ክርስቲያናችን ዳገት ላይ ናት፤ አያ ዳኘው ዳገቱን ሲወጡ ስንቴ እንደሚያርፉ ተደብቀው ይመለከታሉ። ‹‹ዛሬም ሳያርፍ ወጣ›› ይላሉ፣ ሰው የሞተባቸው መስለው።

‹‹የኔን እድሜ ቀንሳ ለሱ ቀጠለችለት እኮ እቺ ልጅ›› አሉኝ አንድ ቀን።

‹‹ኧረ አንቱ፣ እንደዚያ አይደለም›› ብዬ ያየሁትን ቪዲዮ ሁሉ ላስረዳቸው ጀመርሁ። ስለ ደም ስር፣ ስለ ጡንቻው፣ ስለ ግፊት። እሳቸው አልሰሙኝም። መጨረሻ ላይ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

‹‹ልቡ ቢበልጠኝ፣ ጾሙን እበልጠዋለሁ።››

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፣ የነገሩ ሁሉ መጠምዘዣ ይቺ ናት። አያ ገነነ ከድሮም ጿሚ ናቸው፣ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ያን ዓመት ግን ባሰባቸው። ሰው በዘጠኝ ሰዓት ሲፈታ እሳቸው ጀንበር እስክትጠልቅ ይቆያሉ። ኪኒኑስ? ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ኪኒኑን በየቀኑ ይውጣሉ፤ የጠዋቱንም የማታውንም አንድ ላይ፣ ማታ፣ ማዕድ ሲቀርብ። በውሃ መዋጥ ጾም መፍታት ነው ብለው። ለማንም አልነገሩም፣ የሚነገር ነገርም አልመሰላቸውም። እታለም ቢያዩም እንደዚያ የታዘዘ መሰላቸው። ዶክተሯ ‹በየቀኑ ወይ› አለች እንጂ ‹በስንት ሰዓት› አላለች። እኔ የልብ አዋቂ ነኝ ባዩ ደግሞ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ፍኖተ ሰላም የሄድን ዕለትም ባዶ ሆዳቸውን፣ ኪኒን ሳይነኩ ነበር ኮሪደሩ ላይ የሮጡት።

ሰሙነ ሕማማት ደረሰ። ሐሙስ ማታ አያ ገነነ ‹‹ዘንድሮ አከፍላለሁ›› አሉ። ማክፈል ማለት ለማያውቅ፣ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ምንም ሳይቀምሱ መዋል ማደር ነው። ጤነኛውም ይከብደዋል። እታለም ለመኗቸው።

‹‹ምነው፣ አንቱ እኮ በሽተኛ ነዎት።››

‹‹ዳኘው ያከፍላል?››

‹‹እኔ ምን አውቃለሁ።››

‹‹እንግዲያው አከፍላለሁ።››

ስቅለት ዕለት እኔም ስራ ትቼ ወጣሁ። የሚካኤል ግቢ ነጭ ለብሶ ሞልቷል። ‹ኪርያላይሶን› እየተባለ ሰው ወድቆ ይነሳል። አያ ገነነ ከፊት ቆመው ይሰግዳሉ፤ ግንባራቸው መሬት ይነካል፣ ይነሳሉ፣ ወዲያው አንገታቸውን አዙረው ሰው ይፈልጋሉ።

‹‹ዳኘው የት አለ?››

‹‹አላየኋቸውም›› አልሁ።

‹‹ተኋላ ሆኖ ሊጠብቀኝ ነው። ሲደክመኝ ሊያይ።››

ሰገዱ። እኔ ወጣቱ ሳርፍ እሳቸው አያቆሙም። ፀሐይዋ ከረረች። ላባቸውን አየሁት፤ ያ የአውድማው ላብ ነው። ከንፈራቸው ደርቆ ነጭ ሆኗል፣ ሲነሱ መሬቱን በእጃቸው ይዘው ትንሽ ይቆያሉ።

‹‹በሞቴ ይረፉ›› አልኋቸው።

‹‹ዳኘው አርፏል?››

‹‹አላውቅም አልሁ እኮ።››

‹‹እንግዲያው ዝም በል።››

ያኔ አንድ ሀሳብ መጣልኝ። አያ ዳኘውን ፈልጌ ‹ትንሽ ይቀመጡ› ልበላቸው፤ እሳቸው ከተቀመጡ እኒህም ይቀመጣሉ። በሰው መሀል ተሽሎክልኬ ዞርሁ። ከፊት የሉም፣ ከመሀል የሉም። በመጨረሻ ከግቢው ጥግ፣ ከትልቁ ጽድ ኋላ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰው ‹ኪርያላይሶን› ሲል እሳቸው አንገታቸውን ብቻ ዝቅ ያደርጋሉ።

‹‹አያ ዳኘው፣ አመምዎት እንዴ?››

‹‹ዝም በል። አላመመኝም።››

‹‹ታዲያ ምነው አይሰግዱ?››

ግራ ቀኝ አዩና ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። ‹‹በልቻለሁ።››

‹‹ዛሬ?››

‹‹ዛሬ፣ ጠዋት። ሁዳዴን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቂጣ እየቀማመስሁ ነው ኪኒኑን የምውጥ። ሆስፒታል ሳለሁ ሐኪሙ በሰዓቱ ዋጥ፣ በባዶ ሆድ አይሆንም አለኝ፤ ለነፍስ አባታችን ለአባ ገብረ ኢየሱስ ነገርሁ፣ ፈቀዱልኝ። ስግደቱንም በአንገትህ አሉኝ። ለገነነ እንዳትነግር፣ አደራ። ይሄን ቢሰማ በቁሜ ነው የሚቀብረኝ።››

እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። አያ ዳኘው በሰዓቱ ከዋጡ፣ አያ ገነነ ደግሞ… ቆይ፣ አያ ገነነ መቼ ነው የዋጡት? ጠዋት እታለም የነገሩኝ በጆሮዬ አቃጨለ። አከፍላለሁ ካሉ፣ ትናንት ማታ አልዋጡም። ዛሬም አይውጡም። ነገም።

‹‹አያ ዳኘው፣ አያ ገነነ እያከፈሉ ነው። ኪኒኑን አልዋጡትም።››

‹‹ምን? እየሰገደ ነው?››

‹‹ከፊት ሆነው።››

አያ ዳኘው ተነሱ። ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጡና በሰው መሀል ሰንጥቀው ሄዱ፤ ያ ሁሉ ሰው እያያቸው። አያ ገነነ በጉልበታቸው ተንበርክከው ለመነሳት ትንፋሽ ይፈልጉ ነበር። አያ ዳኘው ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

‹‹ገነነ፣ በቃህ። እኔ በልቻለሁ።››

አያ ገነነ ቀና አሉ። ‹‹ምን አልኸ?››

‹‹ጠዋት በልቻለሁ። ቂጣ። ኪኒንም ውጫለሁ። ሁዳዴን ሙሉ እንደዚያ ነኝ።››

እመኑኝ፣ የአያ ገነነ ፊት በራ። እንደዚያ ነጭ ሆነው እንኳ በራ። ‹‹ሁዳዴን ሙሉ?›› አሉ።

‹‹ሁዳዴን ሙሉ።››

‹‹እኔኮ እስተማታ ነበር የምጾም።››

‹‹በልጠኸኛል። አሁን ተቀመጥ።››

ተቀመጡ ሳይሆን ወደቁ ብል ይሻላል። እኔና አያ ዳኘው ግራና ቀኝ ይዘን ጽዱ ስር ወሰድናቸው። ደረታቸውን ይዘዋል። እታለም ከሴቶቹ በኩል እየሮጡ መጡ። አባ ገብረ ኢየሱስም ሰው ነግሯቸው መስቀላቸውን እንደያዙ ደረሱ።

አያ ገነነ ጀርባቸውን ግንዱ ላይ አስደግፈው ትንሽ ሲተነፍሱ ያ ብርሃን ከፊታቸው ጠፋ። ሲያስቡት ቆይተው ገባቸው። ‹‹ለዚህ ነዋ ያንን ኮሪደር እንደዚያ ተረጋግተህ የሄድኸው›› አሉ። ‹‹ኪኒንህን ውጠህ።››

‹‹ለዚህም ይሆናል።››

‹‹ለኔ ለምን አልነገርኸኝም?››

‹‹ብነግርህ በየገበያው ‹ዳኘው ሁዳዴን ፈታ› ትል ነበር።››

አያ ገነነ አሰቡበት። ‹‹እል ነበር›› አሉ። ከዚያ ወደ አባ ዞሩ። ‹‹አባ፣ ለሱ ፈቀዱለት?››

‹‹ፈቀድሁ።››

‹‹እኔስ? እኔ አይደለሁም ቀድሜው የታመምሁት?››

‹‹አንተ መች ጠየቅኸኝ ልጄ። ልጠይቅህ ቤትህ ስመጣ ‹ደህና ነኝ፣ ተዳኘው በላይ ደህና ነኝ› ነው ያልኸኝ።››

‹‹ይሄንንም ቀደመኝ እንግዲህ›› አሉ አያ ገነነ፤ ድምፃቸው የተቀማ ልጅ ድምፅ ሆነ። ‹‹በመጠየቁም ቀደመኝ።››

‹‹ተኋላ መድረስ ይቻላል። ፈቅጄልሃለሁ፣ አሁን ዋጥ።››

እታለም የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ። ኪኒኑ እዚያ ውስጥ ነው። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ምናልባት ሀሳባቸውን ቢቀይሩ ብለው ይዘውት ይዞሩ ነበር።

‹‹ሰው እያየኝ እታለም?›› አሉ አያ ገነነ።

‹‹ሰው ሬሳዎን ቢያይ ይሻላል?››

ውሃ መጣ። አያ ዳኘው ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ቂጣ አወጡ። አያ ገነነ ‹‹የሱን አልበላም›› ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ‹‹ሌላ የለም›› አሉ አያ ዳኘው። አባ ውሃውን ይዘው ይጠብቃሉ፣ እታለም ኪኒኑን በመዳፋቸው ዘርግተው ይጠብቃሉ፣ እኔ ስልኬን ይዤ አምቡላንስ ልደውል ቁጥር እፈልጋለሁ። አያ ገነነ ሁላችንንም አየት አየት አደረጉንና ቂጣውን ቆረሱ። አኘኩ፣ ኪኒኑን ዋጡ፣ ውሃውን ጠጡ።

‹‹ጨው አንሶታል›› አሉ።

ያን ቀን ቡሬ ጤና ተቋም ወሰድናቸው፤ አደሩ። ልባቸው ድጋሚ አልተመታም፣ ግፊታቸው ግን ጣራ ነክቶ ነበር። እዚያ ያሉት ባለሙያ ‹‹ሁለት ቀን እንዲህ ቢቀጥሉ ኖሮ›› ብለው ነገሩን ሳይጨርሱት ተዉት። እኛም እንዲጨርሱት አልጠየቅንም።

ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ፍኖተ ሰላም ተመለስን። በዚህ መሀል አያ ገነነ የጠዋቱን በጠዋት፣ የማታውን በማታ ይውጡ ነበር፤ እታለም ዶሮ ሲጮህ ኪኒን ይዘው ይቆማሉ። ዶክተር ትሕትና ጋ ስንገባ እሳቸው ራሳቸው ነገሯት። ሁሉንም። ሲናገሩ መሬት መሬት እያዩ ነው፤ ግን ነገሯት። እሷም አልተቆጣችም። ‹‹በየቀኑ ወይ ብዬ ጠየቅሁ፣ በየሰዓቱ ወይ አላልሁም። ከእንግዲህ ጿሚ ሲመጣ እንደዚያ ነው የምጠይቅ›› አለች። ከዚያ እንደገና ለካች። ግፊቱ ወርዷል፣ ምቱ ረግቷል። ኮሪደሩ ላይ አስኬደቻቸው፤ አሁን ሲሄዱ አጠገባቸው አያ ዳኘው ስላልነበሩ ቀስ ብለው ነው የሄዱት፣ ባለፈው ከቆሙበትም አለፉ።

‹‹የተጎዳው የልብዎ ክፍል እንዳለ ነው፣ እሱን ከወራት በኋላ ባህር ዳር ደግመን እናሳየዋለን። ለዛሬ ግን ስጋትዎን ከከፍተኛ ወደ መካከለኛ አውርጄዋለሁ። እርሻ ግን ዘንድሮ የለም። መራመድ፣ ቀላል አረም፣ ከዚያ በላይ አይሆንም።››

እኔ ደስ ብሎኝ ከወንበሬ ልነሳ ስል አያ ገነነ ጠየቁ።

‹‹መካከለኛ ማለት ተዳኘው በታች ነው?››

‹‹የሰው ውጤት አልናገርም ብዬዎት ነበር አባባ።››

‹‹እኔ አውቀዋለሁ እኮ፣ ራሱ ነግሮኛል።››

‹‹ካወቁት ለምን ይጠይቁኛል?›› አለችና ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጥል የአያ ገነነ ማሳ ሳይታረስ ይቀራል ብለን ነበር። ወንፈሉ ግን እንዳለ ነው፣ አያ ዳኘውና ልጃቸው በሬ ጠምደው መጡ። አያ ገነነ ከድንበሩ ላይ በርጩማ አስወጥተው፣ ዛፍ ስር ተቀመጡ። መታረሱ ደስ ያላቸው ይመስል ነበር፣ ግን ዓይናቸው የአያ ዳኘውን እርፍ አይለቅም።

‹‹ፈሩ ጠመመ›› ይላሉ።

‹‹አልጠመመም።››

‹‹ተዚህ ሆኖ ለሚያይ ጠሟል።››

‹‹ና አቅናው እንግዲያው።››

‹‹አልታዘዘልኝም›› አሉ አያ ገነነ፣ እግራቸውን እያመቻቹ። ‹‹መካከለኛ ነኝ።››

አያ ዳኘው በሬዎቹን አቆሙ። ላባቸውን በክንዳቸው ጠርገው፣ እርፉን ለልጃቸው ሰጥተው ወደ ጥላው መጡና መሬቱ ላይ ተቀመጡ። ማሳውን አዩ፣ ጭቃ የሆነ እግራቸውን አዩ፣ በርጩማው ላይ ያሉትን አያ ገነነን አዩ። ‹‹መካከለኛ መሆን ጥሩ ነው መሰል›› አሉ። እንደ ቀልድ አልነበረም። የአያ ገነነ ፊት ላይ ያየሁትን ያህል ደስታ በሰርጌ ዕለትም አላየሁም፤ ትንሽ ጠጋ ብለው የበርጩማውን ጫፍ ለቀቁላቸው፣ ግን ጫፉን ብቻ።

አሁን ሁለቱም በህይወት አሉ፣ ሁለቱም በየሰዓቱ ይውጣሉ፣ አያ ገነነ ቀድመው መዋጣቸውን ለማሳወቅ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ይጣራሉ። ቀጣዩ ቀጠሯቸው ደግሞ በተለያየ ቀን ሆኗል፤ ዶክተሯን የለመንኋት እኔ ነኝ።

የኔ ይሄ ነው። እናንተስ፣ አባት ወይ ጎረቤት ወይ ራሳችሁ፣ ከሐኪም በወጣችሁበት ቀን ከራሳችሁ ውጤት ይልቅ የሌላው ሰው ውጤት ያንገበገባችሁ ጊዜ አለ? እንዴት አለፋችሁት?